የተረሳ ፓስወርድ ፍለጋ፦ ኮምፒውተርንና ራምን ለረጅም ሙከራ ማዘጋጀት፣ አዳማ ላይ

አንዱ የመመረቂያ ጥናቱን ዳታ በፓስወርድ ቆልፎ ረስቶታል። ሌላዋ የሱቋን የድሮ ሒሳብ የያዘ የኤክሴል ፋይል አልከፈት ብሏታል። ሁለቱም ወደ እኔ ሲመጡ የሚያስቀድሙት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ምን ዓይነት ግራፊክስ ካርድ ልግዛ?» ጥያቄው ከመጨረሻው ጀመረ። በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ፋይሉ በምን እንደተቆለፈ ነው። ካርዱም ራሙም የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዴ ምንም መግዛት አያስፈልግም። አንዳንዴ ደግሞ የትኛውም ካርድ አያዋጣም።

ይህ መመሪያ ለራሳችሁ ፋይል፣ ወይም ባለቤቱ በግልጽ ለፈቀደላችሁ ፋይል ነው። የሌላ ሰው ፋይልና አካውንት ያለፈቃድ መክፈት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል። የሰው ሥራ የምትሠሩ ከሆነ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ፋይሉ የማን እንደሆነ ካልተረጋገጠ ሥራውን አትንኩት።

ኦሪጅናሉን ወደ ጎን

ፋይሉን ሁለት ቦታ ገልብጡ፤ አንዱ ከኮምፒውተሩ ውጭ ይቀመጥ። የተቆለፈው ሙሉ ዲስክ ከሆነ የዲስኩን መግቢያ ክፍል፣ ማለትም ሄደሩን፣ ለብቻው ኮፒ አድርጉ። ሄደሩ ከተበላሸ ትክክለኛው ፓስወርድ ቢገኝም ዲስኩ አይከፈትም።

ከዚያ ሙከራው የሚደረግበትን አጭር መረጃ ከፋይሉ ታወጣላችሁ። ጆን ዘ ሪፐር የሚባለው ፓስወርድ ፈላጊ ፕሮግራም ለዚፕ፣ ለራር፣ ለኦፊስ፣ ለፓስወርድ ማስቀመጫው ኪፓስና ለመሳሰሉት የየራሳቸው ማውጫ አለው። ከማውጫው የሚገኘው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ሃሽካት የሚባለው ሌላው ፓስወርድ ፈላጊም ጆንም የሚሠሩት በዚህ መስመር ላይ ስለሆነ ኦሪጅናሉን እየደጋገሙ መክፈት አያስፈልግም። ሁለቱም ፕሮግራሞች ነፃ ናቸው። ከራሳቸው ድረ ገጽ አውርዷቸው። ቴሌግራም ላይ «ፓስወርድ ሰባሪ» እየተባለ የሚለቀቀውን አትንኩ፤ ከፋይላችሁ በላይ ሊያስከፍላችሁ ይችላል።

በምን ተቆልፏል?

የኢንክሪፕሽን ቁልፉን፣ ማለትም ፋይሉን የሚቆልፈውን የዜሮና የአንድ (የቢት) ሰንሰለት፣ ራሱን መፈለግ አንድ ሥራ ነው። ፓስወርዱን መፈለግ ሌላ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ይቀላቅላቸዋል።

ቁልፉን በቀጥታ መፈለግ የሚቻለው ቁልፉ አጭር ሲሆን ብቻ ነው። በፈረንጆቹ 1977 የአሜሪካ መንግሥት መደበኛ አድርጎ ያጸደቀው ዴስ የሚባል የመቆለፊያ ዘዴ 56 ቢት ቁልፍ ነበረው። በፈረንጆቹ 1998 የዲጂታል መብት ተሟጋቹ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን 1,856 ቺፕ የተገጠመለት ማሽን ሠርቶ አንድ የዴስ ቁልፍ በ56 ሰዓት አገኘ። ማሽኑ በሰከንድ ወደ 90 ቢሊዮን ቁልፍ ይሞክር ነበር። ያንኑ ፍጥነት ይዘን ዛሬ ፋይሎች የሚቆለፉበትን 128 ቢት ኤኢኤስ ብንሞክር ሙሉውን ለማዳረስ 120 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ዓመት አካባቢ ይፈጃል። ማንም በዚያ በኩል አይሄድም።

የቆዩ ፋይሎች ላይ ግን ይሄ መንገድ ክፍት ነው። ከኦፊስ 97 እስከ 2003 ባለው ጊዜ የተቆለፉ የወርድና የኤክሴል ፋይሎች በአብዛኛው 40 ቢት ቁልፍ ነው ያላቸው። ይህ 1,099,511,627,776 ቁልፍ ማለት ነው። ቁጥሩ ቢያስፈራም በሰከንድ 300 ሚሊዮን የሚሞክር ካርድ በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። ፓስወርዱ 20 ፊደል ቢሆን እንኳ ለውጥ የለውም፤ የሚፈለገው ቁልፉ ነው። የሱቅ ሒሳቡ ከዚያ ዘመን ከሆነ እፎይ በሉ። የቆዩ የፒዲኤፍ ፋይሎችም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው።

ለአዲሶቹ ፋይሎች ያለው መንገድ ፓስወርዱን መገመት ነው። እዚህ ላይ የመቆለፊያው ሠሪዎች ሆን ብለው ፍጥነታችሁን ቀንሰውታል። እያንዳንዱ ግምት ወደ ቁልፍ ከመቀየሩ በፊት ብዙ ሺህ ጊዜ ይፈጫል። በኤኢኤስ የተቆለፈ ዚፕ 1,000 ዙር ይወስዳል። ራር 5 ወደ 32,768፣ ኦፊስ 2013 ደግሞ 100,000 ዙር አለው። ሰቨን ዚፕ 524,288 ይደርሳል። ስለዚህ ዚፕ ላይ የሚበር ካርድ ሰቨን ዚፕ ላይ ሲያዘግም ብታዩ ካርዱ ተበላሸ ማለት አይደለም።

እነዚህ ሁሉ የሚጠይቁት ስሌት ብቻ ነው፤ ሜሞሪ እምብዛም አይነኩም። ሌላኛው ወገን ግን ሜሞሪን ራሱን መከላከያ ያደርጋል። በፈረንጆቹ 2009 የወጣው ኤስክሪፕትና በ2015 የፓስወርድ ሃሺንግ ውድድርን ያሸነፈው አርጎን2 የሚባሉት የመፍጫ ዘዴዎች ለእያንዳንዱ ግምት ብዙ ሜጋባይት እንዲያዝላቸው ይፈልጋሉ። አዲሱ የኪፓስ ፎርማትና የሊኑክስ የዲስክ መቆለፊያ ሉክስ 2 አርጎን2 ይጠቀማሉ።

እንግዲህ የመመሪያው ዋና መንታ መንገድ ይሄ ነው። የእናንተ ፋይል ስሌት ነው የሚበላው ወይስ ሜሞሪ? መልሱ ሳይታወቅ የሚደረግ ማስተካከያ ሁሉ ገንዘብና መብራት መጨረስ ነው።

ከካርዱ በፊት ሒሳቡ

ስምንት ትናንሽ የላቲን ፊደላት 208,827,064,576 ዓይነት ፓስወርድ ይወጣቸዋል። በሰከንድ 10,000 የሚሞክር ማሽን 241 ቀን ያስኬዳል። ትልልቅ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ከተጨመረ ቁጥሩ ከ6 ሺህ ትሪሊዮን ያልፋል፤ ተዉት። በተቃራኒው ግን ፓስወርዱ በ09 የሚጀምር ስልክ ቁጥር እንደነበር ትዝ ካላችሁ የቀረው 8 አሃዝ ነው። 100 ሚሊዮን ሙከራ። በዚያው ማሽን 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ። በ07 የሚጀምረውን ብትጨምሩም እጥፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ፋይሉን ስትቆልፉ የት ነበራችሁ? ስልክ ላይ ነው ወይስ ኮምፒውተር ላይ? በጊዜው ሌላ ቦታ የምትጠቀሙበት ፓስወርድ ምን ነበር? ዓመተ ምሕረት ከጨመራችሁበት በኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጆቹ? ሁለቱንም ጻፉ። ይህችን ግማሽ ሰዓት የሚተካ ካርድ ገበያ ላይ የለም።

ፓስወርዱ በፊደላችን ከሆነ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ፀሐይ» ለማለት ጸ እና ፀ አሉ። ቀጥሎ ሐ፣ ሀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ አሉ። አንዷ ቃል ብቻ 12 አጻጻፍ ይወጣታል። ዝርዝሩ ውስጥ ሁሉም መግባት አለባቸው። በላቲን ፊደል ጽፋችሁት ከሆነም እንዲሁ ነው፤ ፀን እንዴት እንደምትጽፉት ራሳችሁን ጠይቁና የስልክ መልእክቶቻችሁን መለስ ብላችሁ እዩ።

ደግሞም አብዛኛው ፕሮግራም ፊደላችንን የሚያየው በባይት ነው። ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አሠራር አንድ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ዋናዎቹ ፊደሎቻችን የመጀመሪያ ባይታቸው ሁሌ 225 ነው። ሁለተኛው ከ136 እስከ 141፣ ሦስተኛው ከ128 እስከ 191 ይሆናል። ሃሽካት ላይ ፊደል በፊደል የምትሞክሩ ከሆነ ለሦስቱ ባይቶች የየራሳቸውን ክልል ስጡ። በደፈናው «ማንኛውም ባይት» ካላችሁ ለአንድ ፊደል 384 መሆን የነበረበት ሙከራ ከ16 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ኦፊስና ሰቨን ዚፕ ደግሞ በዩቲኤፍ 16 ስለሚሠሩ እዚያ አንድ ፊደል 2 ባይት ነው። ይህን ሳያስተካክሉ የጀመሩት ፍለጋ ወር ቢሮጥም ባዶውን ይመለሳል።

መነሻውን ለኩ

ምንም ሳትነኩ ማሽኑን በፋብሪካ አቋሙ አስጀምሩት። ሃሽካት የራሱ መለኪያ አለው። የፋይላችሁን ዓይነት መርጣችሁ አስኪዱት። ግን የመጀመሪያውን ደቂቃ ቁጥር አትመኑ። ካርዱ ገና ቀዝቃዛ ነው። እውነተኛውን ፍለጋ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አስኪዱና ቁጥሩ ሲረጋጋ ሦስት ነገር መዝግቡ፦ በሰከንድ ስንት ሙከራ፣ ስንት ዋት፣ ስንት ዲግሪ። የክፍሉንም ሙቀት አብራችሁ ጻፉ። ከዚህ በኋላ አንድ ነገር በቀየራችሁ ቁጥር እነዚህን መልሳችሁ ትለካላችሁ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትቀይሩ።

ስሌት የሚበላ ከሆነ

ዚፕ፣ ራር፣ ኦፊስና ሰቨን ዚፕ እዚህ ይገባሉ። ሥራው የግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ፈጣን ራም ገዝታችሁ ብትሰኩ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። የካርዱም ሜሞሪ ቢሆን ሚናው ትንሽ ነው። እንዲያውም የካርዱን የሜሞሪ ፍጥነት ዝቅ ብታደርጉት ፍጥነት ሳይቀንስ ዋት ይቀንሳል። የተቆጠበው ዋት ለዋናው ቺፕ ይተርፋል።

ቀጥሎ ቮልቴጅ። ቺፕ የሚበላው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው። ቮልቴጁን 10 በመቶ ብትቀንሱና ፍጥነቱን እንዳለ ብትተዉት ኃይሉ ወደ 81 በመቶ ይወርዳል። ሙቀቱም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ እኔ ሁሌም የምጀምረው ከመቀነስ ነው። የካርዱን የዋት ጣሪያ ከ100 ወደ 90፣ ከዚያ ወደ 80፣ ከዚያ ወደ 70 በመቶ አውርዱ። በየደረጃው በሰከንድ የሚሞከረውን ለዋቱ አካፍሉ። ከፍተኛውን ውጤት የሰጣችሁ ቦታ ላይ ቁሙ። ለሳምንታት በሚሮጥ ማሽን ላይ ከጣሪያ በላይ መግፋት ትርፉ ድካም ነው።

ሃሽካት የሥራ ጫናን ከ1 እስከ 4 ያስመርጣል። ኮምፒውተሩን ሌላ ሥራ ካልሠራችሁበት 3 ጥሩ ነው። 4 ስክሪኑን ያንቀረፍፈዋል፤ ሞኒተር ለሌለው ማሽን ይሆናል።

ካርዱ የሚሰካበት የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ስፋት ያን ያህል አያሳስብም። ግምቶቹ እዚያው ካርዱ ላይ ስለሚፈጠሩ በመስመሩ የሚያልፈው ጥቂት ነው። ልዩነቱ የሚታየው በጣም ፈጣን በሆነ መቆለፊያ ላይ ረጅም የቃላት ዝርዝር ስትመግቡት ነው። ያኔ ካርዱ ቃል እየጠበቀ ይቆማል። መፍትሔው ዝርዝሩን አሳጥሮ ለውጦቹን፣ ማለትም ቁጥር መጨመሩንና ፊደል መቀያየሩን፣ በሕግ መልክ ለካርዱ መስጠት ነው።

ያገለገለ ካርድ የምትገዙ ከሆነ ዲጂታል ገንዘቡ ኢተርየም በመስከረም 2022 በፈረንጆቹ ማይኒንግን፣ ማለትም በካርድ ስሌት ገንዘብ ማግኘትን፣ ከተወ በኋላ ብዙ ካርድ ወደ ገበያ መውጣቱን አስታውሱ። ማይኒንግ ላይ የነበረ ካርድ በራሱ መጥፎ አይደለም። ፋኑ ያለ ድምፅ መዞሩን፣ ሙቀት አስተላላፊዎቹ ፔስትና የሜሞሪው ፓድ መቀየራቸውን ግን እዩ።

ሜሞሪ የሚበላ ከሆነ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ብዙ ፍጥነት ባክኖ የሚቀረው እዚህ ነው።

አንድ የኪፓስ ፋይል ለእያንዳንዱ ግምት 64 ሜጋባይትና 2 ዙር ይፈልጋል እንበል። 8 ጊጋ ያለው ካርድ በአንድ ጊዜ ቢበዛ 128 ግምት ነው መያዝ የሚችለው። ሺዎቹ የካርዱ ኮሮች ሥራ ፈተው ይቀመጣሉ። ሉክስ 2 ደግሞ እስከ 1 ጊጋ ሊጠይቅ ይችላል። ያኔ ያው ካርድ ሰባት ግምት ይይዛል። በዚህ ሁኔታ 32 ጊጋ ራም ያለው ተራ ኮምፒውተር ቁም ነገር ይሠራል።

የራሙን ጣሪያ በሒሳብ እንየው። አርጎን2 በእያንዳንዱ ዙር 64 ሜጋባይቱን ቢያንስ አንዴ ይጽፋል፤ ያንኑ ያህል ያነባል። በሁለት ዙር 256 ሜጋባይት በራሙ መስመር ላይ ይመላለሳል። አሁን ከተማችን ውስጥ በብዛት የሚሸጠውን ያገለገለ ኮምፒውተር ውሰዱ፦ አንድ ዲዲአር 4 ራም ብቻ ተሰክቶ፣ በ2133 ፍጥነት የሚሮጥ። መስመሩ በሰከንድ 17 ጊጋባይት ያሳልፋል። ቢበዛ ቢበዛ በሰከንድ 63 ግምት። ያንኑ ኮምፒውተር ሁለት ተመሳሳይ ራም ሰክታችሁ፣ ማዘርቦርዱም ራሞቹም ከቻሉ በ3200 ብታስኬዱት መስመሩ 51.2 ጊጋባይት ይሆናል። ጣሪያው 190 ይደርሳል። የስልክ ቁጥሩ 100 ሚሊዮን ሙከራ ከ18 ቀን ወደ 6 ቀን ወረደ። ግራፊክስ ካርድ አልተገዛም።

አሠራሩ ይሄ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ራም ያዙ። አራት መሰኪያ ባለው ማዘርቦርድ ላይ በአብዛኛው ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይሰካሉ፤ የማዘርቦርዱን ወረቀት ግን እዩ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ወደሚገኘው ማስተካከያ፣ ወደ ባዮስ፣ ግቡና ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስኬደውን ኤክስኤምፒ የሚለውን አብሩ። ራሙ ካርቶኑ ላይ 3200 ቢልም ይህ ካልበራ በዝቅተኛው ነው የሚሮጠው። ከተነሣ በኋላ ሁለቱ ራሞች ጎን ለጎን መሥራታቸውን የሚያሳየው «ዱዋል ቻነል» የሚል መታየቱን አረጋግጡ።

ቀጥሎ ሊኑክስ ላይ ትልልቅ ገጾችን አብሩ። ሲስተሙ ሜሞሪን በ4 ኪሎባይት ገጽ ነው የሚያከፋፍለው። 64 ሜጋባይት 16,384 ገጽ ይሆናል። ፕሮሰሰሩ የእያንዳንዱን ገጽ አድራሻ የሚይዝበት ቦታ ግን ጠባብ ነው። በየቦታው ሲዘል አድራሻ ፍለጋ ብቻውን ጊዜ ይበላል። በ2 ሜጋባይት ገጽ ሲሆን 32 ገጽ ብቻ ይበቃል። አርጎን2 ሆን ብሎ እየዘለለ ስለሚያነብ ልዩነቱ በግልጽ ይለካል።

ክሮቹን፣ ማለትም ስሬዶቹን፣ በፕሮሰሰሩ እውነተኛ ኮር ቁጥር ጀምሩ። ከዚያ አንድ እየቀነሳችሁ ለኩ። መስመሩ ከሞላ ተጨማሪ ስሬድ ወረፋውን ነው የሚያስረዝመው። ስዋፕን፣ ማለትም ዲስኩን እንደ ራም መጠቀሙን፣ አጥፉ። ራሙ ሞልቶ ወደ ዲስክ መጻፍ ከጀመረ ፍጥነቱ ይሞታል።

ያገኘውን የማያይ ማሽን

ይሄኛውን ክፍል ማንም እንዳይዘለው እለምናለሁ። ቪዲዮ ጌም ላይ ራም ቢሳሳት ስክሪኑ ይበላሻል፤ ታያላችሁ። ፓስወርድ ፍለጋ ላይ የተሳሳተ ውጤትና የተሳሳተ ፓስወርድ አንድ ዓይነት ነው የሚመስሉት። ማሽኑ ትክክለኛውን ፓስወርድ ሞክሮ፣ አንዲት ቢት ተገልብጣበት፣ «አይደለም» ብሎ ያልፋል። ተመልሶ አይሞክረውም።

ለአንድ ጊዜ የተፈጠረ ስህተት ከመቶ ሚሊዮን ውስጥ የእናንተን ፓስወርድ የመምታት ዕድሉ ኢምንት ነው። የሚያስፈራው ቋሚው ስህተት ነው። ቅድም ያልነው ካርድ ሜሞሪውን ለ128 ከፍሎ ይሠራል። ከ128ቱ አንዱ ክፍል ላይ የታመመች ቺፕ ካለች እዚያ የሚያርፍ ግምት ሁሉ ስህተት ነው። ከፍለጋችሁ 128ኛው እጅ ባዶ ሆነ ማለት ነው፤ ስክሪኑ ላይ ግን ፍጥነቱ ሙሉ ነው፤ ምንም ቀይ ነገር አይታይም።

ስለዚህ ሦስት ፈተና አለ። ራሙን በሜምቴስት86 ፕላስ ሙሉ ሌሊት ፈትኑ። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ኤክስኤምፒውን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጋችሁ ድገሙ። የካርዱን ሜሞሪ ደግሞ በሜምቴስት ቩልካን ፈትኑ። የካርዱን የሜሞሪ ፍጥነት ከፍ ያደረጋችሁ ከሆነ ሌላም ነገር አለ፦ አንዳንድ ካርዶች ስህተት ሲያገኙ ራሳቸው ደግመው ይልካሉ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ፍጥነቱ መውረድ ከጀመረ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ሦስተኛው ፈተና ከሁሉም ይበልጣል። በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው ቨርዥን፣ በዚያው አቋም አዳዲስ ፋይሎች ፍጠሩ። የምታውቁትን፣ ግን በፍለጋችሁ ክልል ውስጥ የሚገኝ ፓስወርድ ስጧቸው። አንዱ ክልሉ መጀመሪያ ላይ፣ አንዱ መሐል፣ አንዱ መጨረሻው አካባቢ ይሁን። ፓስወርዱ በፊደላችን ከሆነ ፈተናውም በፊደላችን ይሁን። ማሽኑ እነዚህን ማግኘት አለበት። ሃሽካት ሲነሣ ራሱን ይፈትናል፤ ያ ፈተና ግን ካርዱ ገና ሳይሞቅ ነው የሚደረገው። የእናንተ ፈተና መደረግ ያለበት ማሽኑ ሁለትና ሦስት ሰዓት ከሮጠ በኋላ፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ሙቀት ነው። በደጋገማችሁት ቁጥር ሁሉንም ካላገኘ እውነተኛውን ፍለጋ አትጀምሩ።

የአዳማ ነገር

ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት መመሪያዎች የተጻፉት ለቀዝቃዛ ክፍል ነው። እዚህ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከሰዓት በኋላ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። የካርድ ሙቀት ደግሞ ከክፍሉ ሙቀት ጋር አብሮ ይወጣል። በ22 ዲግሪ ክፍል 75 ላይ የሚቆም ካርድ በ32 ዲግሪ ክፍል ወደ 85 ይጠጋል። በዚህ ላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን። አየሩ ከባሕር ወለል ከ15 በመቶ በላይ ስስ ነው፤ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት እየዞረ ያነሰ ሙቀት ነው የሚያወጣው።

ሃሽካት በራሱ 90 ዲግሪ ላይ እንዲያቆም ተደርጎ ነው የሚመጣው። እኔ 80 ላይ እንዲያቆም አደርገዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፍለጋውን አቁሙና ማታ ቀጥሉ። የሌሊቱ አየር ብዙ ይረዳል።

ከተማው ዳር ያሉትን ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ በበጋ አቧራውንም ይዞ ይገባል። የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቶ መተው ለአንድ ቀን ጥሩ ይመስላል። በሳምንቱ ሙቀት የሚያስወጣው ብረት፣ ሂትሲንኩ፣ በአቧራ ይዘጋል። ጎኑን ዝጉ፣ አየር በሚገባበት በኩል ስስ ወንፊት ጨርቅ አድርጉ፣ ጨርቁን በየሳምንቱ እጠቡ። በብሎወር ስታጸዱ ፋኑን በጣት ያዙት፤ እንዲሁ ከዞረ ሊጎዳ ይችላል። መሬት ላይ አታስቀምጡት። ላፕቶፕ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ለአጭር ሙከራ ካልሆነ አታድክሙት።

መብራት ሌላው ጣጣ ነው። መብራት ሲሄድ የሚጎዳው ሥራው ነው። ሲመጣ የሚጎዳው ዕቃው ነው። ባዮስ ውስጥ «መብራት ሲመለስ ራስህ ተነሣ» የሚለውን አጥፉ። መብራት ከመጣ በኋላ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ አብሩ። ስታብላይዘር ቮልቴጁ ለሚዋዥቅበት ሰፈር ያስፈልጋል። ዩፒኤስ ስትገዙ ዕቃው ላይ በትልቁ የተጻፈው ቪኤ እንጂ ዋት አይደለም። 650 ቪኤ ብዙውን ጊዜ 390 ዋት ገደማ ነው። 350 ዋት ለሚበላ ማሽን ጠርዝ ላይ ነው፤ 1,200 ቪኤ ይሻላል። ዓላማው በዩፒኤስ መሥራት አይደለም። ፍለጋው ያለበትን መዝግቦ በሥርዓት እንዲዘጋ ሁለት ሦስት ደቂቃ መስጠት ነው። የግድግዳው ሶኬት ኧርዝ እንዳለው በኤሌክትሪሺያን አስፈትሹ። በቀጭን ኤክስቴንሽን አታስኬዱት፤ ገመዱ ይግላል።

350 ዋት በቀን 8.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በወር 252። የመብራት ታሪፍ አጠቃቀም ሲጨምር በደረጃ ስለሚጨምር የቤቱን ሌላ ፍጆታ ደምሩበትና ምን ያህል እንደሚመጣ ቀድማችሁ አስሉ። ቤት ተከራይታችሁ ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ለአከራያችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ማስኬድ

ፍለጋውን ስም ሰጥታችሁ አስጀምሩት። ሃሽካት በስሙ የት እንደደረሰ እየመዘገበ ይሄዳል። መብራት ሄዶ ሲመለስ በዚያው ስም «ቀጥል» ማለት ይበቃል። የመዝገቡን ፋይል በየቀኑ ፍላሽ ላይ ገልብጡ።

አንድ ግዙፍ ፍለጋ አትጀምሩ። ከወረቀታችሁ ላይ በጣም የሚመስለውን ጠባብ ክልል ቀድማችሁ ጨርሱ፣ ከዚያ ወደሚሰፋው እለፉ። ሁለት ኮምፒውተር ካላችሁ ክልሉን እንደየፍጥነታቸው አካፍሉ። አንዱ በሰከንድ 150፣ ሌላው 50 የሚሞክር ከሆነ ከአራቱ ሦስት እጁ ለመጀመሪያው ይሁን። እያንዳንዱ ክልል ሲያልቅ ቀኑን፣ ክልሉን፣ ማሽኑንና በጊዜው የነበረውን አቋም ደብተር ላይ ጻፉ። ክልል ባለቀ ቁጥር የሙከራ ፋይሎቹን አንዴ መልሳችሁ አስፈልጉት። ማሽኑ ካላገኛቸው የመጨረሻው ክልል አልተሠራም ብላችሁ ቁጠሩትና ከመጨረሻው ደህና ፈተና ጀምራችሁ ድገሙት።

ፓስወርዱ ሲገኝ ኮፒውን ክፈቱበት እንጂ ኦሪጅናሉን አይደለም። ይዘቱን ወደ አዲስ ፋይል አውጥታችሁ መጨረሻው ድረስ መነበቡን እዩ። የሰው ፋይል ከሆነ ፓስወርዱን በስልክ መልእክት አትላኩ፤ በአካል ስጡት። ከዚያ ማሽናችሁ ላይ የቀረውን ኮፒ፣ የወጣውን መስመርና ሃሽካት ያገኛቸውን ፓስወርዶች የሚያስቀምጥበትን ፋይል አጥፉ። ያ የመጨረሻው ፋይል ፓስወርዱን በግልጽ ጽሑፍ ነው የሚይዘው፤ ብዙ ሰው እዚያው ትቶት ይሄዳል።

ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ አልቆ ካልተገኘ ደግሞ ማሽኑን አጥፉና ፋይሉን ከነኮፒው አስቀምጡት። ፓስወርድ ከወራት በኋላ ሌላ ነገር ስትጽፉ ድንገት ጣታችሁ ላይ ሊመጣ ይችላል። የዚያን ቀን ደብተሩ የትኛው ክልል እንዳልተነካ ይነግራችኋል።